ሁለቱ ደህና፣ አንዱ ስብር፦ የአንድ የጭነት ኢንሹራንስ ክሌም ጥናት

ሦስት የኮምፒውተር ጥልፍ መኪናዎች በአንድ ኤርዌይቢል፣ ማለትም በአንድ የአየር ጭነት ሰነድ፣ ተጭነው መጡ። ሁለቱ ደህና ገቡ። አንዱ ግን ክንዱ ተጣሞ ተገኘ። ዕቃው ኢንሹራንስ ነበረው። ያም ሆኖ የመድን ድርጅቱ የመጀመሪያ መልስ "አንከፍልም" ነበር። በኋላ ከፈለ፤ ሙሉውን ግን አይደለም። "አንከፍልም" እንዴት "እንከፍላለን" እንደሆነና ክፍያው ለምን እንደጎደለ ነው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

ባለጉዳይዋ አነስተኛ የጥልፍ ቤት ያላት ሴት ናት። እኔ ደብዳቤዎቹን በመጻፍና ሰነዱን በማደራጀት አብሬያት ነበርኩ። የሻጩን፣ የአጓጓዡንና የመድን ድርጅቱን ስም አልጠራም። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ አንዳቸውም የተለየ ክፋት አልሠሩም። ክሌም፣ ማለትም የካሳ ጥያቄ፣ ሲቀርብ እንዲህ ዓይነት ድርጅቶች የሚሠሩትን ነው የሠሩት።

ዕቃውና ወረቀቱ

መኪናዎቹ አዲስ አይደሉም። አገልግለው ከዚያ ታድሰው የተሸጡ ናቸው። ብዙ መርፌ ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት ነው። ከፊት ለፊቱ ፍሬሙን ይዞ ወዲያ ወዲህ የሚሄድ ክንድ አለው። እያንዳንዱ መኪና በየራሱ ካርቶን፣ በነጭ ስታይሮፎም ዙሪያውን ተይዞ ታሽጓል። ከነማሸጊያው 42 ኪሎ ይመዝናል። ይህ 42 ቁጥር ወደ ኋላ ላይ ገንዘብ ይሆናል።

ሽያጩ የተፈጸመው ሲአይፒ በሚባለው የውል ዓይነት ነው። በሲአይፒ የማጓጓዣውንም የኢንሹራንሱንም ሒሳብ የሚከፍለው ሻጩ ነው። የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ የሆነው ኢንኮተርምስ 2020 በዚህ ውል የሚገባው ኢንሹራንስ ሰፊው ሽፋን እንዲሆን ይጠይቃል። የሚሸፈነው ገንዘብም ቢያንስ የውሉ ዋጋ 110 በመቶ መሆን አለበት። በባሕር ጭነት የተለመደው ሲአይኤፍ የሚባለው ውል ግን በዝቅተኛው ሽፋን ይረካል። ዝቅተኛው ሽፋን መርከብ ሲሰምጥ፣ እሳት ሲነሳ፣ የጫነው ተሽከርካሪ ሲገለበጥ ይከፍላል። አንድ ካርቶን ከሠራተኛ እጅ አምልጦ ቢወድቅ ግን አይመለከተውም። ሰው "ኢንሹራንስ አለው" ሲባል ደስ ይለዋል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይጠይቅም። እዚህ ሻጩ ሰፊውን ገብቶ ነበር። ሰርተፍኬቱም ላይ ጥቅሙ ለገዢዋ እንደሆነ ተጽፏል። ይህች መስመር ባትኖር ኖሮ ክሌሙን ማቅረብ የሚችለው ሻጩ ብቻ ነው ወይስ እሷም ትችላለች የሚል ሌላ ንትርክ ይነሳ ነበር።

ኤርዌይቢሉ ላይ ዋጋ የሚገባባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። አንዱ ለማጓጓዣ የተነገረ ዋጋ ነው፣ አንዱ ለጉምሩክ፣ አንዱ ለኢንሹራንስ። ጥልፍ ሠሪዋ ለጉምሩክ የተሞላውን ቁጥር አይታ "ይኸው ዋጋው ተጽፏል፤ ከተሰበረ አየር መንገዱ ይህን ይከፍለኛል" ብላ ነበር። አይከፍላትም። ያ ቁጥር ለቀረጥ ነው። ለማጓጓዣ በተባለው ቦታ የተጻፈው "ኤንቪዲ" ነው፤ ዋጋ አልተነገረም ማለት ነው። ላኪው እዚያ ላይ ዋጋ ካልጻፈና ተጨማሪ ካልከፈለ የአጓጓዡ ኃላፊነት በኪሎ ተለክቶ ይገደባል።

ርክክቡ

ሦስቱ ካርቶኖች ሲደርሱ የአንደኛው ጥግ ገባ ብሏል። ብዙ አይደለም። ቀዳዳ የለውም፣ አልተቀደደም፣ ቴፑም እንዳለ ነው። ዕቃውን ያመጣው ልጅ ቸኩሏል።

"እህቴ፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ፤ ሌላ ቦታ እየጠበቁኝ ነው።"

"ቆይ፣ ይሄ ጥግ ምን ሆኖ ነው?"

"ካርቶን እኮ ነው፣ ውስጡ ምንም አይሆንም።"

እሷ ፊርማዋ አጠገብ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ካርቶን ቁጥር 2፣ በፊት በኩል የታችኛው ቀኝ ጥግ ወደ ውስጥ ገብቷል።" ልጁም ፈረመበት። በስልኳም ሦስቱን አንድ ላይ ፎቶ አነሳች፤ ልጁ ካርቶኖቹን ያወረደበት ጋሪ ጭምር ይታያል።

ይህ ጽሑፍ ከሁሉም ሰነድ በላይ ዋጋ ነበረው ብል አላጋነንኩም። በአየር ጭነት ላይ የሚሠራው የሞንትሪያል ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመ ነው። አንቀጽ 31 ተቀባዩ ያለ ቅሬታ ከተረከበ ዕቃው በደህና እንደደረሰ ይቆጠራል ይላል። የማይፈርስ ማስረጃ አይደለም፤ ግን ማፍረሱ የተቀባዩ ዕዳ ይሆናል። ብዙ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ "ወደፊት ተመርምሮ" ወይም "ሳይፈተሽ የተረከብኩ" ብሎ ይጽፋል። በእኔ ግምት ይህ ምንም ካለመጻፍ ብዙም አይሻልም። የትኛው ካርቶን፣ የት ጋ፣ ምን ሆኗል የሚለው ነው የሚይዘው።

ካርቶኖቹ ወዲያው አልተከፈቱም። የኤሌክትሪክ መስመሩ ገና እየተዘረጋ ስለነበር ጥግ ላይ ተደረደሩ። ሳምንት አለፈ። ሲከፈቱ ቁጥር 1 እና 3 እንደ አዲስ ናቸው። ቁጥር 2ም ላይ ላዩን ሲያዩት ደህና ነው። ሶኬት ላይ ሲሰካ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑም ሥራ ጀመረ። ፍሬሙ ወደ ግራ ሲሄድ ግን ይነክሳል፤ የሚፈጭ ድምፅ ያሰማል። ወዲያው ነቀሉት። ጠጋኙ ሲመጣ ከክንዱ ሥር ያለውን ሐዲድ በብረት ማስመሪያ ለካው። ከማስመሪያው ሥር ብርሃን ያልፋል። ተጣሟል። መርፌዎቹን የያዘው ራስም ከመስመሩ ወጥቷል።

የአጓጓዡ ሰዓት

እዚህ ላይ ሰው የሚሳተው ነገር አለ። ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ አጓጓዡን ይተዋል። ፖሊሲው፣ ማለትም የኢንሹራንሱ ውል፣ ግን መድን የገባው ወገን በአጓጓዡ ላይ ያለውን መብት እንዲያስጠብቅ ግዴታ ይጥልበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመድን ድርጅቱ ከከፈለ በኋላ በእሷ እግር ተተክቶ አጓጓዡን ይጠይቃል። እሷ መብቱን ካስቀረችው ድርጅቱ የሚጠይቀው የለውም፤ ያኔ ደግሞ ወደ እሷ ዞሮ ክፍያውን ሊቀንስ ወይም ሊከለክል ይችላል።

የሞንትሪያል ስምምነት ለተጎዳ ጭነት የሚሰጠው ጊዜ ዕቃው ከደረሰ ጀምሮ 14 ቀን ነው። ለተሳፋሪ ሻንጣ 7 ቀን፣ ለዘገየ ዕቃ 21 ቀን ነው። ቅሬታው በጽሑፍ መሆን አለበት። በስልክ የተባለ አይቆጠርም። ጊዜው ካለፈ፣ አጓጓዡ ካላጭበረበረ በቀር፣ ክስ የሚባል ነገር የለም። በእኛ ጉዳይ ከ14ቱ ግማሹ ሳይከፈት አልፎ ነበር። ስለዚህ የጥገና ግምት ሳንጠብቅ አጭር ደብዳቤ ጻፍን። የኤርዌይቢሉ ቁጥር፣ የካርቶኑ ቁጥር፣ የታየው ጉዳት፣ "የጉዳቱ መጠን እንደታወቀ እናሳውቃለን፤ ኃላፊነቱን ከወዲሁ በእናንተ ላይ እናደርጋለን" የሚል። በዚያው ቀን ለአየር መንገዱም፣ በመካከል ሆኖ ጉዞውን ለሚያመቻቸው ጭነት አስተላላፊም በኢሜይል ሄደ። ገንዘቡ ስንት እንደሆነ በዚህ ደረጃ ማወቅ ግዴታ አይደለም። ብዙ ሰው ሒሳቡ እስኪሞላለት ሲጠብቅ ቀኑ ያመልጠዋል።

አስተላላፊው መልስ ለመስጠት አልዘገየም። የአንዱን ካርቶን የማጓጓዣ ሒሳብ እንመልስልሽ አላት። ቸርነት ይመስላል። አብሮ የመጣው ወረቀት ግን "ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም" ይላል። ብትፈርም በትንሽ ገንዘብ ትልቁን ክሌም ልትዘጋው ነው። የመድን ድርጅቱን ሳናስፈቅድ አንፈርምም ብለን መለስን። ሐሳቡ እዚያው ቀረ።

የአጓጓዡ ጣሪያ ስንት ነው? ስምምነቱ የሚለካው በኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠረው የሒሳብ መለኪያ ሲሆን፣ ዋጋው በዶላር፣ በዩሮ፣ በዩዋን፣ በየንና በፓውንድ ድብልቅ ይሰላል። ገደቡ በየጊዜው ይከለሳል። መጀመሪያ በኪሎ 17 ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ማብቂያ ጀምሮ 19 ሆነ፤ ከዲሴምበር 28 ቀን 2019 ጀምሮ 22፣ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ 26። የሚመዘነው ታዲያ የተጎዳው ካርቶን ብቻ ነው፤ ከሌሎቹ ተለይቶ። የሦስቱ ድምር 126 ኪሎ ቢሆንም ሒሳቡ 42 በ26 ነው፤ 1,092 ኤስዲአር። ጥልፍ ሠሪዋ በ126ቱ አስባ 3,276 ይደርሰኛል ብላ ነበር። የአንዱ መሰበር የሌሎቹን ዋጋ ቢቀንስ ኖሮ፣ ለምሳሌ ሦስቱም የአንድ ትልቅ ማሽን ክፍሎች ቢሆኑ፣ አብረው ይመዘኑ ነበር። እነዚህ ግን እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። የጠጋኙ ግምት ከ1,092ቱ በላይ ሆኖ መጣ። እንግዲህ ቀሪው ተስፋ ኢንሹራንሱ ነው።

ሰርቬየሩ

ለመድን ድርጅቱ የገባው ፋይል ወፍራም አልነበረም። የኢንሹራንስ ሰርተፍኬቱ፣ ኢንቮይሱ፣ የማሸጊያ ዝርዝሩ፣ ኤርዌይቢሉ፣ ማስታወሻ ያለበት የርክክብ ወረቀት፣ ለአጓጓዡ የተላከው ደብዳቤ፣ የጠጋኙ ግምት፣ ፎቶዎች። ድርጅቱ ዕቃውን የሚመረምር ሰርቬየር ላከ።

ሰውየው ጨዋና ሥራውን የሚያውቅ ነው። ከመኪናው ይልቅ ካርቶኑን ብዙ ሰዓት አየ። ጥያቄዎቹም ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። "ሳምንት ሙሉ ሳይከፈት ለምን ተቀመጠ?" ይህ ማለት እዚሁ ቤታችሁ ወድቆ ቢሆንስ ነው። ለዚህ የርክክቡ ማስታወሻ መልስ ሰጠ። ጥጉ የገባው ሲመጣ ነው፤ ያመጣው ሰውም ፈርሞበታል። "ማን አበራው?" ይህ ደግሞ ተሰብሮ እያለ አስነስታችሁት ጉዳቱን አባብሳችሁት ቢሆንስ ነው። ለዚህ ጠጋኙ መለሰ። ለጥቂት ሰከንድ መንቀሳቀስ ሐዲድ አያጣምም አለ። ተቀባይነት አገኘ፤ ግን ባይበራ ይሻል ነበር። ሊጎዳ ይችላል የተባለን ማሽን ከምርመራ በፊት መሰካት ለጥያቄ በር ይከፍታል።

ከዚያ ሜትሩን አወጣ። ከመኪናው ፊት ለፊት የነበረውን የስታይሮፎም ቁራጭ መሃሉ ላይ ለካ። 2 ሴንቲሜትር። በሪፖርቱ ላይም ያ ቁጥር ገባ።

ከሪፖርቱ በኋላ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነው። በፊት በኩል ያለው መከላከያ ለዚህ ክብደት ስስ በመሆኑ፣ ጉዳቱ የደረሰው በማሸጊያ ጉድለት ነው፤ ፖሊሲው ይህን አይሸፍንም።

ማግለያው፣ ማለትም ፖሊሲው የማይሸፍነውን የሚለየው አንቀጽ፣ እውነት አለ። "ሁሉንም አደጋ" የሚሸፍነው የጭነት ፖሊሲ ሳይቀር በቂ ባልሆነ ማሸጊያ የመጣን ጉዳት ያገልላል። ጥልፍ ሠሪዋ "እኔ አላሸግኩት፣ ሻጩ ነው ያሸገው" አለች። ስሜቷ ይገባኛል፤ ግን አይጠቅማትም። ኢንሹራንሱ ከመጀመሩ በፊት የታሸገ ከሆነ ማንም ያሽገው ማን፣ ማግለያው ይሠራል። ኢንሹራንሱ የሚጀምረው ደግሞ ዕቃው ለመጫን ከመጋዘን ሲነሳ ነው። ያኔ ካርቶኑ ተዘግቶ አልቋል።

በማግለያው ውስጥ ግን ሰው እያነበበ የሚዘላት ሐረግ አለች። ማሸጊያው መቻል ያለበት የጉዞውን የተለመደ ሁኔታ ነው። ያልተለመደውን አይደለም። ማንም ካርቶን ከጣሪያ ላይ ቢወረወር ይሰበራል፤ ለዚያ ነው ኢንሹራንስ የሚገባው። ስለዚህ ክርክሩ ስታይሮፎሙ ስንት ሴንቲሜትር ነው የሚል ብቻ አልነበረም። ካርቶኑ ያጋጠመው ምንድን ነው የሚለውም ነበር።

ስታይሮፎሙ

ደብዳቤው ሲመጣ የጥልፍ ቤቱ ሰዎች መኪናውን ደግመው ሊያስመረምሩ ፈለጉ። እኔ መኪናው ከዚህ በላይ የሚነግረን የለም ባይ ነበርኩ። መሰበሩን ማንም አልካደም። የተካደው የተሰበረበት ምክንያት ነው። ምክንያቱ ደግሞ ያለው ማሸጊያው ላይ ነው።

ያንን ባለ 2 ሴንቲሜትር ቁራጭ አነሳነው። መሃሉ ላይ የክንዱ ቅርጽ ተቀርጿል። የፍሬም መያዣው ሁለት ብሎኖች ሳይቀሩ ክብ ክብ ሆነው ታትመዋል። ከቅርጹ ውጭ፣ ጠርዙ ላይ ሲለካ ግን 5 ሴንቲሜትር ነው። ሰርቬየሩ የለካው ከተጨፈለቀ በኋላ ያለውን ነው። ነጭ ስታይሮፎም ሲሠራ በአየር የተሞሉ ጥቃቅን እንክብሎች ተጋግረው ነው። ኃይለኛ ምት ሲያርፍበት እንክብሎቹ ይደቅቃሉ፤ ተመልሰው አይነፉም። ለስላሳው፣ የሚተጣጠፈው ስፖንጅ መሰሉ ማሸጊያ ቢሆን ከምቱ በኋላ ወደ ቦታው ይመለስ ነበር፤ ምንም ምልክት ላይተው ይችላል። ይሄኛው ግን ምቱን መዝግቦ ያስቀምጣል።

ጠርዙ 5 ነው ማለት መሃሉም 5 ነበር ማለት ነው? ድርጅቱ "ከመጀመሪያውኑ ለክንዱ ተብሎ የተቦረቦረ ቢሆንስ?" ሊል ይችላል። ለዚህ ሁለት ነገር ፈለግን። አንደኛው የካርቶን 1 እና 3 ስታይሮፎም ነው። ዕቃው ደህና ሲሆን ማሸጊያው ወዲያው ይጣላል፤ የቁጥር 1 ተጥሏል። የቁጥር 3 ግን ክር መደርደሪያ ሆኖ ተገኘ! ክሩን አራግፈን ለካነው። ፊት ለፊቱ መሃሉም ጠርዙም እኩል 5 ሴንቲሜትር፤ ብሎኖቹ የነኩበት ቦታ ላይ ለዓይን የምትታይ ጭረት ብቻ አለች። ሁለተኛው ከሻጩ የመጣ ነው። ሻጩ ዕቃ ከማሸጉ በፊት የእያንዳንዱን ካርቶን ፎቶ ያነሳል፤ ደንበኛ "ዕቃ ጎደለ" እንዳይለው ነው እንጂ ለክሌም ብሎ አይደለም። ስንጠይቀው በማግስቱ ላከ። የቁጥር 2 ስታይሮፎም ክዳኑ ሳይዘጋ ይታያል፤ ፊት ለፊቱ ድፍንና ጠፍጣፋ ነው፣ አልተቦረቦረም።

ለመድን ድርጅቱ የጻፍነው መልስ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ዋናው ሐሳቡ ይህ ነው። ሦስቱ ካርቶኖች በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ማሸጊያ ታሽገዋል። አብረው ተጭነዋል፣ አብረው ወርደዋል። የተለመደው የጉዞ ሁኔታ ለሦስቱም አንድ ነው። ሁለቱ ችለውታል። ማሸጊያው ያንን መቻሉ በዚህ ተረጋግጧል። ቁጥር 2 ግን ሁለቱን ያላጋጠማቸው ነገር አጋጥሞታል። ያም በፊት ለፊቱ በኩል፣ በታችኛው ቀኝ ጥግ፣ በኃይል ያረፈ ምት ነው። የካርቶኑ ጥግ፣ የስታይሮፎሙ ቅርጽና የሐዲዱ ጥመት ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ጠጋኙም ሐዲዱ የተጣመመው ከፊት ወደ ኋላ መሆኑን በጽሑፍ ሰጠ።

የሰርቬየሩ ሪፖርት አንድ ጠንካራ ነጥብ ነበረው። በማሸጊያ ሙያ የታወቀ የፍተሻ ደንብ ጠቅሷል፤ የኢስታ 1ኤ ፍተሻ ይባላል። በዚህ ደንብ የታሸገ ዕቃ በጥግ፣ በጠርዝና በሁሉም ገጾቹ 10 ጊዜ ይጣላል። ከፍታው እንደ ክብደቱ ይለያያል። ከ10 ኪሎ በታች የሆነው ከ76 ሴንቲሜትር ይጣላል፤ ሰው በቀላሉ ስለሚያነሳው ከፍ ካለ ቦታ ሊወድቅ ይችላል ተብሎ ነው። 42 ኪሎ የሆነ ግን ከ30 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ። ሪፖርቱ ማሸጊያው ቢያንስ ይህን መቻል አለበት ይላል። እኛም በዚህ ተስማማን። ይህ ማሸጊያ 30 ሴንቲሜትር አይችልም ያለ ግን ማንም የለም። የፈተነው የለም። የተለካው ከወደቀ በኋላ ያለው ውፍረት ነው። በኢንሹራንስ ክርክር ደግሞ በተለመደው አሠራር ጉዳቱ በጉዞ ላይ በድንገት መድረሱን የሚያሳየው ተበዳዩ ሲሆን፣ ማግለያ አለ የሚለውን ማስረዳት የድርጅቱ ፋንታ ነው።

ድርጅቱ ሰርቬየሩን መልሶ ላከው። ሰውየው የቁጥር 3ን ስታይሮፎም ራሱ ለካ፣ የቁጥር 2ን ጠርዝ ለካ፣ የሻጩን ፎቶ አየ። ብዙ አላወራም። ከዚያ የመጣው ደብዳቤ ክሌሙ ተቀባይነት አግኝቷል የሚል ነው።

ገንዘቡ

"ተቀባይነት አግኝቷል" ማለት የጠየቅሽው ይከፈልሻል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው ጥልፍ ሠሪዋ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ይልቅ የተናደደችው።

እሷ አዲስ ወይም ሌላ መኪና ይተካልኝ ብላ ነበር። ለማሽነሪ የሚጻፍ የጭነት ፖሊሲ ግን ብዙ ጊዜ የመተኪያ ደንብ የሚባል ነገር አለው። አንድ ክፍል ከተሰበረ የሚከፈለው የዚያ ክፍል መጠገኛ ወይም መተኪያ፣ የማምጫውና የመግጠሚያው ወጪ ነው። ሐዲዱ ስለተጣመመ መኪናው ሙሉ በሙሉ ጠፋ አይባልም። ያ 110 በመቶም የሚሠራው ዕቃው በሙሉ ሲጠፋ ነው እንጂ ሐዲድ ሲቀየር አይደለም።

ያገለገለ ማሽን ሲሆን ደግሞ ሌላ ቅናሽ ይጨመራል። መለዋወጫው አዲስ ነው፤ ዋስትና የተገባው ግን በአሮጌ ዋጋ ነው። ስለዚህ የመለዋወጫው ዋጋ፣ ዋስትና የተገባበት ዋጋ ከአዲሱ መኪና ዋጋ ጋር ባለው ምጣኔ ይቀነሳል። እነዚህ መኪናዎች ዋስትና የተገባላቸው በአዲሱ ዋጋ 60 በመቶ ገደማ ነበር። አዲስ ሐዲድ ሲገዛ ድርጅቱ 60ውን ሲከፍል 40ው በእሷ ላይ ወደቀ። "አሮጌ ሐዲድ የሚሸጥ አሳዩኝና እሱን ልግዛ" አለች። ትክክል ነበረች፤ የሚሸጥ ግን አልተገኘም። ከዚህ ላይ ኤክሰስ የሚባለው፣ ማንኛውም ክሌም ላይ ባለንብረቱ በራሱ የሚችለው ተቀናሽ ተነሳ። የደረሳት ከጥገናው ወጪ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

ይህ ደንብ ፍትሐዊ ነው? በሒሳብ አዎ። ግን በሰርተፍኬቱ ላይ በአንድ መስመር፣ በስሙ ብቻ ተጠቅሶ ነው የሚያልፈው። ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ውሉ ሳይፈረም ይህን መጠየቅ አለበት። ዋስትናውን በአዲስ መኪና ዋጋ መግባት ይቻላል፤ አረቦኑ ከፍ ይላል፣ ያ ቅናሽ ግን ይቀራል።

ሌላው ጥያቄዋ የቀረባት ሥራ ነበር። መኪናው እስኪጠገን የመለሰቻቸው ትዕዛዞች አሉ። ይህን ድርጅቱ አልከፈለም፤ አጓጓዡም አይከፍልም። የጭነት ፖሊሲ የሚሸፍነው ዕቃውን ነው፤ በዘገየ ጊዜ የቀረን ገቢ በግልጽ ያወጣዋል። በአጓጓዥ በኩልም ነገሩ ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በእንግሊዝ የተፈረደው የሃድሊና የባክሰንዴል ጉዳይ መነሻው የግሎስተር ወፍጮ ቤት ነው። የማሽኑ ዘንግ ተሰበረ፤ ለአዲሱ ሞዴል እንዲሆን ወደ ግሪንዊች እንዲያደርስ ለአጓጓዥ ተሰጠ። አጓጓዡ አዘገየው፤ ወፍጮው ቆመ። ባለወፍጮዎቹ የቀረ ትርፍ ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ አጓጓዡ ወፍጮው በዚያ ዘንግ ምክንያት እንደሚቆም አልተነገረውምና አይከፍልም አለ። የሕግ ተማሪ ሁሉ እስከ ዛሬ ያነበዋል። ጥልፍ ሠሪዋ ግን ስሰማው ብዙም አላጽናናኝም ብላለች።

ክፍያው ከመውጣቱ በፊት አንድ ወረቀት ፈረመች። በአጓጓዡ ላይ ያላት መብት ለመድን ድርጅቱ ተላለፈ። አጓጓዡን ለመክሰስ የሞንትሪያል ስምምነት ሁለት ዓመት ይሰጣል፤ ከእንግዲህ ያ የድርጅቱ ሥራ ነው። እስከዚያው ካርቶኑና ስታይሮፎሙ እንዳይጣሉ በደብዳቤ ጠየቁ። የክር መደርደሪያው ጭምር።

ከዚያ በኋላ ሁለት መኪና ከዚያው ሻጭ አዘዘች። ሻጩ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ፊት ለፊቱን በለስላሳው ፎም ደረበ፤ ካርቶኖቹንም ፓሌት ላይ አስሮ ላከ። ፓሌት በሰው እጅ አይነሳም፤ በፎርክሊፍት ነው የሚነሳው። ማጓጓዣው ትንሽ ጨመረ። ዋስትናውን በአዲስ ዋጋ እንግባ ስትል ግን ሻጩ ልዩነቱን አንቺ ክፈዪ አላት፤ ከፈለች።

የተጣመመውን ሐዲድ የመድን ድርጅቱ አልፈልገውም አለ። ጠጋኙ ወሰደው።